በሰባተኛው ቅል የጠራሁት ስም

ጀርባዋን ይዛ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» እያለች የምትሠራ ሴት ካለች ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእሷ ነው። ስሜ ከድጃ ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። የታመምኩትም የዳንኩትም በደርግ ጊዜ ነው። ታሪኩን በአፌ ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ ሰው ግን የሚፈልገውን ብቻ እየመረጠ ይዞ ይሄዳል። አንዱ «ጠበል አዳናት» ይላል፣ ሌላው «ጠበል ሊገድላት ነበር» ይላል። ሁለቱም እንዳሉት አልነበረም። ስለዚህ ማንም እንዳያጣምምብኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ያኔ ፒያሳ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ማኅበር ነበር የምሠራው። በሁለት ረድፍ ተቀምጠን በእግር በሚረገጥ መኪና የካኪ ሱሪ እንሰፋለን። እያንዳንዳችን የቀን ድርሻ ነበረን፤ ድርሻዋን ያላደረሰች ቅዳሜ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ተነስታ «ግለ ሂስ አለኝ» ብላ ጥፋቷን በራሷ አፍ መናገር አለባት። ከጎኔ ያለው መኪና የወርቅነሽ ነበር። ወርቅነሽ ባሏ ሰሜን ዘምቶ አንዲት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ሳቂታ፣ እጇ ፈጣን የሆነ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት። አባቷ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። ይህን የምነግራችሁ ለእኔ ቁም ነገር ሆኖ አይደለም፤ ለሌሎች ቁም ነገር ስለሆነ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ ከወገቤ ከፍ ብሎ፣ አንድ ጣት በምታህል ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ መኪናው ላይ ማጎንበስ አመጣብኝ ብዬ ናቅሁት። ከሳምንታት በኋላ ግን ሕመሙ እንደ መቀነት በጎኔ ዞሮ ሆዴ ላይ ይቋጠር ጀመር። ሲመሽ ትኩሳት፣ ሲነጋ ላብ ሆነ። መጀመሪያ ያመመኝ ቦታ ላይም ጉብታ ወጣ። ቀሚሴ ሰፋኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝና በየወሩ የራሴን ቀሚስ አጠበብኩ።

እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ አክስቴ ሐዋ ናቸው። እሳቸው «ብርድ ነው» ብለው በቅቤና በፌጦ አሹኝ። የሰፈራችን ድሬሰር «ኩላሊት ነው» ብሎ አሥር መርፌ ወጋኝ። ባለቤቴ ይመር ኮምቦልቻ እህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ይሠራ ነበርና እዚያ ወደሚያውቀው ክሊኒክ ወሰደኝ፤ እዚያ ደግሞ «ጨጓራ ነው፣ በርበሬ አትንኪ» ተባልኩ። ሦስት ወር በርበሬ የሌለው ወጥ በላሁ። በሽታዬ ከበርበሬ ጋር ምንም ጠብ አልነበረውም።

የዚያን ክሊኒክ አግዳሚ ወንበር እስክሞት አልረሳውም። ሰው ከንጋት ጀምሮ ትንሿን ካርድ በጣቶቹ መሐል ይዞ ይደረደራል፤ ስም ሲጠራ የሁሉም አንገት ይቀናል። እኔ መቀመጥ አልችልም፣ መቆምም አልችልም። አንድ ቀን ከሐርቡ የመጡ አንድ ገበሬ አዩኝና ጋቢያቸውን አውልቀው አጣጥፈው ከኋላዬ አደረጉልኝ። «ተደገፊ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝ። ራሳቸው ወባ ይዟቸው በብርድ ይንቀጠቀጡ ነበር። ጋቢውን ልመልስላቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ያን ቀን ከሐኪሙ ይልቅ እሳቸው ናቸው ያከሙኝ።

ከዚያ ትልቁን ስህተት ሠራን። ኮምቦልቻ አንድ ስሙ የታወቀ ወጌሻ አለ ተባለና ሄድን። ሰውዬው በሆዴ አስተኝቶ ጀርባዬን በጉልበቱ ተጫነው። አንድ ነገር ሲንቋቋ ሰማሁ። «ይኸው ገባ!» አለ ደስ ብሎት። በማግስቱ የቤቴን ደፍ ልሻገር እግሬን ሳነሳው አልታዘዘኝ አለ፤ ተደናቅፌ ወደቅሁ። እባካችሁ ጀርባችሁ ላይ ጉብታ ካለ፣ ትኩሳትና ላብ ካለባችሁ፣ ማንንም አታስጨምቁ። የተሰበረ ክንድና የታመመ አከርካሪ አንድ አይደሉም።

ከሥራ ስቀር ድርሻዬን ወርቅነሽ ትሰፋልኝ ነበር። የራሷን ጨርሳ ወደ እኔ መኪና ትዞራለች፤ ሱሪዎቹን በእኔ ስም ታስረክባለች። ማታ ቤቴ መጥታ እግሬን በሞቀ ውሃ እያጠበች «ያንቺን መኪና ሳልረግጠው ብውል ያኮርፈኛል» እያለች ታሾፋለች። አክስቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩዋታል። ወርቅነሽ ስትወጣ ጠብቀው አንድ ቀን ተናገሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይች ሴት ምን ብላሽ ነበር? ሳትታመሚ፣ በዒዱ ቀን?»

አስታወስኩ። አዲስ ቀሚስ ለብሼ ስታየኝ «ከድጅዬ፣ ጀርባሽ እንዴት ነው ቀጥ ያለው! እኔ ጎብጬ ቀረሁ» ብላኝ ነበር።

«ማሻአላህ አለች?»

«አክስቴ፣ ክርስቲያን ናት፤ ከየት ታምጣው?»

«በሷው ቋንቋ እግዜር ይጠብቅሽ አለች?»

አላለችም። አክስቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ምስክር አላስፈለጋቸውም። የቀጥቃጭ ልጅ ጀርባዬን አየች፣ አደነቀች፣ ጀርባዬ ጎበጠ። በእሳቸው ቤት ነገሩ አለቀ፤ «በልታታለች» ሆነ። ይመር ዝምተኛ ሰው ነው። አላመነበትም፣ ግን ደክሞት ነበር። የደከመው ሰው ከሁሉም የቀለለውን መንገድ ይይዛል፤ እኔን አክስቴ ወደሚሉት የጠበል ውሃ ለመውሰድ ተስማማ።

ውሃው ከሐርቡ ወደ ላይ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ በሆነች መንደር ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው። ከደሴ ለመውጣት የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ይመር «ለጠበል» ብሎ ቢጠይቅ ሊቀመንበሩ ስለ ኋላ ቀር ልማድ ግማሽ ሰዓት ሰበኩትና ከለከሉት። በማግስቱ «ለለቅሶ» ብሎ ሲጠይቅ ሳይጨቃጨቁ ፈረሙለት። ሐርቡ የሚኖረው አጎቴ በዚያ ወረቀት ላይ ሞተ፤ በቅሎ ይዞ አውቶቡስ ፌርማታ እኔን፣ ይመርንና አክስቴን የተቀበለንም እሱ ራሱ ነው።

ስለ ውሃው ልንገራችሁ። ሙስሊሞቹ ያፈለቁት መንገደኛ ወልይ ናቸው ይላሉ፤ በዱላቸው መሬቱን ወጉት፣ ውሃው ወጣ። ክርስቲያኖቹ መነኩሴ ናቸው ይላሉ፤ በመስቀላቸው ባረኩት፣ ውሃው ወጣ። ሁለቱም የሚስማሙበት፣ ሰውዬው በውሃ ጥም ሊሞቱ ሲሉ በመንደሯ ውስጥ ያጠጣቻቸው አንዲት ባልቴት ብቻ እንደነበረች ነው። የሰውዬውን ሃይማኖት ስንት ዘመን ሲከራከሩ የሴትዮዋን ስም የጠየቀ ግን የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሕግ አለው። ጫማ ይወልቃል። ብረት ይዞ አይቀረብም፤ ቀለበትም የፀጉር ሽቦም ቢሆን። ውሃው የሚቀዳው በቅል ብቻ ነው። መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ አይጠጡም። ጠዋት ቄሱ ጸሎት አድርሰው ክርስቲያኖቹ ይጠመቃሉ፣ ከዚያ ሙስሊሞቹ ዱዓ አድርገው ይገባሉ፤ በሽተኛ ሲበዛ ግን ተራው ይደባለቅና ማን የማን እንደሆነ አይለይም። ይህን ወድጄዋለሁ። እንደዚያ ተጠጋግተው፣ ተዛዝለው፣ አንዱ የሌላውን ልጅ አዝሎ የሚጠባበቁ ሰዎች በየትም ክሊኒክ አላየሁም።

የውሃው ጠባቂ አያ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጠባቂነቱን ከአባታቸው ነው የወረሱት። ስንደርስ የያዝኩትን የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ተቀበሉኝና በጨርቅ ቋጥረው አስቀመጡት።

«ውሃችን ጣውንት አይወድም ልጄ» አሉኝ። «ሰባት ቀን ትጠመቂያለሽ፣ በየቀኑ ሰባት ቅል። በሰባተኛው ቅል ላይ በሽታው አፍ ያወጣል። የሚጠራው ስም ያሳመመሽ ሰው ስም ነው። ያ ሰው ይመጣና ሦስት ጊዜ እትፍ ይልብሻል፣ ይለቅሻል።»

ሕጉን ሰማሁ፤ አፌን እዘጋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ሁለት ቀን ዘጋሁት። ውሃው ከድንጋይ ሥር የሚወጣ ነውና ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። በሦስተኛው ቀን ከባድ ትኩሳት ይዞኝ ነበር። ሁለት ሴቶች ብብቴን ይዘው አቆሙኝ፣ እግሬ ግን ከሥሬ የለም። አምስተኛው ቅል፣ ስድስተኛው ቅል ፈሰሰ። ሰባተኛው ሲወርድብኝ ዓይኔ ጨለመ፣ የምሞት መሰለኝ። በጣም ፈራሁ። ያኔ እግሬን የምታጥበዋ፣ ስወድቅ የምታነሳኝ ሴት እንድትይዘኝ ፈለግሁ።

«ወርቅነሽ!» አልኩ። «ወርቅነሽን ጥሩልኝ!»

እልልታው ቀለጠ። «ለፈለፈች! ተናገረች!» አሉ። አክስቴ መሬት ላይ ተደፍተው አላህን አመሰገኑ።

ከመሬት አንስተው ሲያደርቁኝ ገባኝ። «ጓደኛዬ ናት! የጠራኋት እንድትይዘኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አክስቴ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«አዩልኝ አያ ሙሄ? አሁን ደግሞ ይደብቅላት ጀመር።»

ይደብቅላት ጀመር የተባለው በውስጤ አለ የተባለው ነገር ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከአፌ የሚወጣው ቃል ሁሉ የእኔ መሆኑ ቀረ። ሳለቅስ እሱ ያለቅሳል፣ ስቆጣ እሱ ይቆጣል፣ ዝም ስል እሱ ተንኮል ያስባል። ሰው በሕይወት እያለ እንዲህ ከራሱ አፍ ተባርሮ ያውቃል? ይመርን እጁን ይዤ ለመንኩት።

«ወላሂ ይመር፣ እንዳታመጣት። ካመጣሃት ባሌ አይደለህም።»

«ብትሞችብኝስ?» አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ከምትሞችብኝ ብትጠይኝ ይሻለኛል።» ወረደ፣ ሄደ።

ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ሞትን መፍራቴን አልክድም፤ ግን የባሰው ሌላ ነበር። እኔ ብሞት እሷ ገዳይ ትሆናለች። ብድንም «ለቀቀቻት» ይባላል። ስሟ በዚያ ውሃ ላይ ከተጠራ ደሴ እስኪደርስ አንድ የገበያ ቀን ይበቃዋል። ቤት አከራይዋ ያስወጧታል፣ ማኅበሩ ውስጥ ከጎኗ የሚቀመጥ አይኖርም፣ ልጇንም «የቡዳ ልጅ» ብለው ከጨዋታ ያባርሯታል። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለፈራሁና እሷን ስለምወዳት ነው።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወርቅነሽ መጣች። ይመር «ከድጃ ትጠራሻለች» ብቻ ነበር ያላት። በሶ ቋጥራ፣ ንጹሕ ቀሚሴን አጥፋ ይዛ፣ ዳገቱን በሩጫ ጨርሳው ነበር። ነጠላዋ ጫፍ ላይ የተሰካ የስፌት መርፌ ሰዎቹ አይተው «ብረት! ብረት!» ሲሉ ደንግጣ ነቀለችው። እኔ ዘንድ ሳትደርስ ሴቶቹ መንገድ ዘጉባት። አያ ሙሄ ነገሩን ቀስ ብለው አስረዷት። ፊቷ ሲለዋወጥ በሰዎቹ ትከሻ መሐል አየሁት።

«እትፍ ብልባት ትድናለች አባቴ?» አለቻቸው።

«ኢንሻአላህ ትድናለች።»

«እትፍ ካልኩ ግን... እኔ ነኝ ማለት ነው?»

ወርቅነሽ ወደ እኔ አየች። ደሴ ከተለያየን ወዲህ ይበልጥ ከስቼ ነበር።

«እሺ» አለች። «እሷ ትዳን እንጂ እኔ የፈለጋችሁትን ልባል።»

እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። እሷን ሳይሆን ሁላችንንም ነው የተናደድኩት። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

«እንዳትተፊ!» አልኳት። «ወርቅዬ፣ ብትተፊብኝ በምድርም በሰማይም አፉ አልልሽም!» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «አያ ሙሄ፣ ሕጉ የርስዎ ነው። በሰባተኛው ቅል ላይ ስሙ የተጠራ ሁሉ ይተፋል?»

«ይተፋል።»

«ሁሉም?»

«ስሙ የተጠራ ሁሉ።»

«እንግዲያው የዛሬውን ሰባት ቅል አፍስሱብኝ።»

አፈሰሱብኝ። ሰባተኛው ሲወርድ ዓይኔን ገልጬ ጠበቅሁት። «ሐዋ!» ብዬ ጮህኩ። አክስቴ ደነገጡ። «ይመር!» ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። «ሙሄ!» ሽማግሌውን ያለ «አያ» ጠራኋቸው። አጎቴን ጠራሁት። እልል ያሉትን ሴቶች ስማቸውን ስለማላውቅ «አንቺ ባለ ቀይ ሻሽ! አንቺ ጥርሰ ፍንጭት! አንቺ ልጅ ያዘልሽ!» እያልኩ ቆጠርኳቸው። የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ጠራሁ፣ ወጌሻውን ጠራሁ፣ ድሬሰሩን ጠራሁ። መጨረሻ ላይ «ከድጃ!» ብዬ ራሴን ጠራሁ። ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ ጠራሁ።

እግሩ ያበጠ አንድ በሽተኛ ከዋርካው ሥር ድንገት ሳቀ። «በሉ እንግዲህ ተሰለፉ» አለ።

አክስቴ «እያሾፈ ነው፣ በኛ ላይ እያሾፈ ነው» አሉ። አያ ሙሄ ግን እጃቸውን አነሱና ዝም አሰኟቸው። ከዚያ ቅሉን አስቀምጠው መጡና ፊት ለፊቴ በርከክ አሉ።

«ሕጉ የአባቴ ነው። ስሜ ተጠርቷል» አሉ። በወሎ ሽማግሌ ሲመርቅ እትፍ እትፍ ማለቱን የማያውቅ የለም፤ እሳቸውም በዚያው ምርቃት እትፍ አሉብኝ። «አላህ ያሽርሽ። አላህ ያቁምሽ። አላህ ካፋችን ይጠብቅሽ።»

ከሳቸው በኋላ እምቢ የሚል አልተገኘም። አክስቴ እያለቀሱ እትፍ አሉ። ይመር እትፍ አለ። ባለ ቀይ ሻሿ፣ ፍንጭቷ፣ ልጅ ያዘለችዋ ተራ በተራ እትፍ አሉብኝ። ወርቅነሽ ከአጎቴና ከአንዲት የማላውቃት ባልቴት መሐል ገብታ ተራዋ ሲደርስ ነጠላዬን ከፊቴ ገለጥኩላት። እትፍ አለችብኝና ግንባሬን ሳመችኝ። የማንም ምራቅ ከማንም አልተለየም።

ሰዉ ሲበተን አያ ሙሄ ሊያደርቁኝ ጨርቅ አምጥተው ጀርባዬን ዳበሱ። እጃቸው ጉብታው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይህን አውቀዋለሁ ልጄ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይህን ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ። እዚህ የቀሩት እዚያ ማዶ ተቀብረዋል። አንዱን ግን ልጁ ደሴ ሆስፒታል ወስዶት በእግሩ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ነገ ውረጂ።»

«ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገሩኝም?»

«ፈራሁ። ከዚህ ሂዱ የሚል ጠባቂ ማን ይቀበለዋል?»

ይህን ይቅር ለማለት ዓመታት ፈጅቶብኛል። አሁን ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ቢያንስ እውነቱን ተናግረዋል። በማግስቱ በቃሬዛ ወረድኩ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አራት ሰዎች አንዷ ወርቅነሽ ነበረች፤ «ሴት ቃሬዛ አትሸከምም» ሲሏት «እኔ ምን ያልተባልኩት አለ?» ብላ ሳቀችባቸው።

ደሴ ሆስፒታል ራጅ አነሱኝ። ሐኪሙ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዞ አሳየኝ፤ እንደ ዳቦ ቁራሽ ጠርዙ የተበላ አጥንት ነበር። «ቲቢ ነው» አለኝ። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አጥንትም ላይ ይወጣል፤ አከርካሪውን እየበላ ያጎብጠዋል፣ እግር የሚያዘውን ነርቭ ይጫነዋል። የሚያሳምመን ተሐዋሲ እንጂ የሰው ዓይን አይደለም። «ይድናል?» ብዬ ስጠይቀው «መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳታቋርጪ ከወሰድሽ» አለኝ። «ካቋረጥሽ ግን እኔን እንዳታማርሪ።»

ከደረቴ እስከ ዳሌዬ በጀሶ ታሽጌ ለወራት በጀርባዬ ተኛሁ። መርፌው በየቀኑ ነበር፤ ጆሮዬ እየጮኸብኝ አስቸግሮኛል፣ ለሐኪሙ ነግሬ መጠኑን አስተካክሎልኛል። እናንተም ንገሩ፤ ዝም ብላችሁ መድኃኒቱን አታቁሙ። ኪኒኑ ግን ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ፈጀ። አያ ሙሄ በየጊዜው ከውሃው በጄሪካን ይልኩልኝ ነበር። አንዲት ነርስ አይታ ስቃ «በሳይንስ ዘመን!» አለችኝ። «እህቴ፣ መርፌሽን ክንዴ ይወስደዋል፣ ውሃውን አፌ ይጠጣዋል፣ መንገድ ላይ አይገናኙም» አልኳት። አክስቴ በበኩላቸው ጣውንት ነው ብለው ኪኒኑን ሊያስጥሉኝ ሲሞክሩ በፊታቸው ዋጥኩት፤ በምን? በዚያው ውሃ። ሁለቱም ወገን እንዲያዙኝ አልፈቀድኩም።

ቀስ በቀስ የእግሬ ጣት ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ። ጀሶው ሲነሳልኝ ይመርና ወርቅነሽ በግራና በቀኝ ይዘውኝ ከአልጋ እስከ መስኮት ሄድኩ። ጀርባዬ ሙሉ በሙሉ አልቀናም፤ ዛሬም ትንሽ ጎበጥ እላለሁ። አላፍርበትም።

ዳንኩ፣ ወሬው ግን አልዳነም። እኔ እንደፈራሁት ያ ሁሉ ሰው እንደተፋብኝ ረስተው አንዷን ብቻ አስታወሱ። «የቀጥቃጯ ልጅ ተፋችባትና ለቀቀቻት» ተባለ። መርፌው ተረሳ፣ ጀሶው ተረሳ። ወደ ሥራ ስመለስ የወርቅነሽ መኪና ብቻውን ጥግ ላይ ተገፍቶ አገኘሁት። ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። «ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ። «ውሃ ላይ ሳለሁ ፈርቼ የጓደኛዬን ስም ጠራሁ። ጥፋቴ ይህ ነው። የእናንተንስ ማን ይንገራችሁ?» ራጄን ከፖስታው አውጥቼ በመስኮቱ ላይ ያዝኩት፤ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ አስረዳኋቸው። የገባቸው ገባቸው። ያልገባቸውም አሉ። መኪናዬን ራሴ ጎትቼ ጥግ ላይ ከሷ ጎን አቆምኩት።

ወርቅነሽ ለእኔ ያው ወርቅነሽ ናት፤ ትስቃለች፣ ታሾፋለች። አንድ ነገር ግን ተቀየረ። መንገድ ላይ ሕፃን የያዘች ሴት ስትመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እናቶቹ ልጆቻቸውን ከመሸፈናቸው በፊት እሷ ቀድማ ዓይኗን ትሰብራለች። ስጠይቃት «ምን አስጨነቀኝ ብዬ ነው» ትለኛለች። ይህን ሳይ የማለቅሰው ሲያመኝ ካለቀስኩት ይበልጣል።

ሐኪሙ ፈቅዶልኝ፣ ሕክምናዬን ከጨረስኩ በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ። በሰባተኛው ቀን ስም ሲወጣላት ቤቱ በዘመድና በጎረቤት ሞላ። ወርቅነሽ ከሁሉ ኋላ መጣች። በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። አክስቴ የሕፃኗን ፊት በጨርቅ ሲሸፍኑ አየኋቸው። በክፋት አልነበረም፤ እጃቸው ራሱ ነው የሠራው።

ተነሳሁ። ልጄን ከአክስቴ ጭን ላይ አነሳሁ፣ ጨርቁን ገፈፍኩት፣ ቤቱን አቋርጬ ወርቅነሽ ክንድ ላይ አስቀመጥኳት። ወርቅነሽ ልጄን አቅፋ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ወርቅዬ» አልኳት ሁሉም እንዲሰማ። «እይያት።»

ወዲያው አላየቻትም። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች፣ ልጄን ፊት ለፊት አየቻት፣ ደግማም አየቻት።

«ውይ» አለች። «ስታምር!»